አልጠፋ ያለ ማጥፊያ

ጂዲፒ የሚባለውን ነገር እኔ የማውቀው ከዜና ነበር። የአገር ኢኮኖሚ በዚህን ያህል አደገ ሲሉ ነው የምሰማው። ስለዚህ የክረምት ኮርስ መምህራችን የሴሚናር ርዕስ ሲያከፋፍል «ጂ ፕሮቲን» የሚለውን እጄን ቀድሜ አውጥቼ የያዝኩት ውስጡ ጂዲፒ እንዳለበት አውቄ አይደለም። ፕሮቲን የሚለውን ቃል አይቼ ነው። ገደብ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ «ፕሮቲን ገንቢ ምግብ ነው፤ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ሥጋ» እያልኩ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀላል መስሎኝ። አይ እኔ!

ክረምት ክረምት ማስተርሴን ለመማር ዲላ እወርዳለሁ። የማርፈው አክስቴ ቤት ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ሌላ እናት አላውቅም። ጪጩ ገበያ ቆጮ ትሸጣለች። አማርኛዋን የለመደችው እዚያው ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱንና ሴቱን ትደበላልቃለች፤ እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ «አንተ» ነው የምትለኝ። ሐምሌ ሲገባ ሻንጣዬን ተሸክሜ በሩ ላይ ስታየኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አንተ ልጅ፣ ጠፋህ!» ትለኛለች። «አለሁ» እላታለሁ። «የታለህ? ጠፋህ እኮ!» ትልና ታቅፈኛለች። ሰላምታችን ይኸው ነው።

በዚያ ክረምት ርዕሴን ይዤ ገባሁና ጽሑፉን ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ጉድ ፈላ። ጂ ፕሮቲን የሚበላ ፕሮቲን አይደለም ለካ። የሴሉ ልባስ ላይ፣ በውስጥ በኩል ተለጥፎ የሚቀመጥ መልእክተኛ ነው። ከውጭ ሆርሞን ይመጣል። ተቀባይ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ሆርሞኑን ይይዝና ጂ ፕሮቲኑን ጎሸም ያደርገዋል። ያኔ ጂ ፕሮቲኑ ይበራል፤ ወሬውን ወደ ውስጥ ያደርሳል፤ ከዚያ ይጠፋል። ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው፣ ይላል ጽሑፉ።

እሺ፣ ማብሪያ ማጥፊያ። እስከዚህ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ግን ጭንቅላቴ ዞረ። የሳሎናችንን ማብሪያ ማጥፊያ የሚጫነው ጣት ነው። የዚህኛው ጣት የት ነው? የሚያበራው ተቀባዩ ነው እንበል። የሚያጠፋውስ? ጽሑፉን ሳነበው ጂ ፕሮቲኑ ሦስት ክፍል አለው ብሎ አንዴ አልፋ፣ አንዴ ቤታ፣ አንዴ ጋማ ይለኛል። አንዱን ያዝኩት ስል ሌላው ያመልጠኛል። ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሬ «ኧረ በጌታ!» ብዬ ስጮኽ አክስቴ ከጓሮ ብቅ አለችና «ማን ነው የሚጣላህ?» አለችኝ። ፕሮቲን ነው ብላት ምን ትለኛለች? «ማንም የለም» አልኳት።

በብዙ ጭንቅ አንድ ነገር የጨበጥኩ መሰለኝ። ጂ ፕሮቲኑ ጂዲፒን ሲይዝ ጠፍቷል፤ ጂቲፒን ሲይዝ በርቷል። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ፎስፌት ብቻ ነው፤ ጂዲፒ ሁለት አለው፣ ጂቲፒ ሦስት። ስለዚህ ጂዲፒው ላይ አንድ ይጨመርበትና ይበራል ማለት ነው አልኩ፤ ስልክ ቻርጅ እንደሚደረገው። ደስ አለኝ። ሥዕል ሠርቼ ለመምህራችን አሳየሁት። መምህራችን ልጅ እግር ነው፤ በዕድሜ ስለምበልጠው «አንቱ» እያለ ያስረጀኛል።

«ቻርጅ አይደረግም» አለኝ ሥዕሌን እያየ። «ጂዲፒው ጭራሽ ለቆ ይወጣል፤ በቦታው ሌላ ጂቲፒ ይገባል። ልውውጥ ነው። ለመሆኑ ከበራ በኋላ ማን ያጠፋዋል?»

ማን ያጠፋዋል! እኔም እኮ የምጠይቀው እሱን ነው።

«ሴሚናሩ ላይ እሱን ይዘው ይምጡ» አለኝና ሄደ። ከግቢው እስክወጣ ድረስ ተነጫነጭኩ። ይወጣል፣ ይገባል፤ እንደዚህ ከሆነ ለምን ያንኑ አይሞላውም? ምን አንከራተተው?

የዚህኛው መልስ የተገኘው ጎረቤታችን ሱቅ ነው። ጎረቤታችን ከሰሜን መጥታ ዲላ የከረመች ሴትዮ ናት፤ ሁሉን ነገር የምታውቅ ይመስላታል፤ ደግሞ ደግ ናት። ለስላሳ ልገዛ ሄጄ ባዶ ጠርሙስ ስላልያዝኩ ከለከለችኝ። «ባዶውን ሳትሰጪኝ ሙሉ የለም» አለች። ተመልሼ ባዶውን አመጣሁ። ተቀበለችኝና ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው፤ ከሌላ ሳጥን ሙሉውን አውጥታ ሰጠችኝ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ባዶው አልተሞላም እኮ! ባዶው ወጣ፣ ሙሉው ገባ። ልውውጥ!

«ምነው? መልስ ጎደለሽ?» አለችኝ።

«ኧረ የለም፤ ገባኝ» አልኳት።

«ምኑ?»

«ጂዲፒው።»

በጥርጣሬ አየችኝ። ለስላሳዬን እየጠጣሁ ወደ ቤት ስሄድ ደግሞ ሁለተኛው መጣልኝ። ሙሉውን ጠርሙስ ባዶ የሚያደርገው ማነው? የያዘው ሰው ነዋ! ጂ ፕሮቲኑም እንደዚያው፣ የያዘውን ጂቲፒ እሱ ራሱ ይቆርጠዋል፤ አንዱ ፎስፌት ይወድቃል፤ ጂዲፒ ሆኖ ይቀራል፤ ይጠፋል። ራሱን ያጠፋል ማለት ነው። ግን እውነት ነው? ራሱን የሚያጠፋ ማጥፊያ አይቼ አላውቅም። ወረቀቴ ላይ «ራሱ» ብዬ ጻፍኩና አጠገቡ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አደረግሁበት።

ሴሚናሩ ሲቃረብ አክስቴ ለለቅሶ ገደብ በኩል ወዳለ የዘመድ ቀበሌ ሄደች። ዝናቡ ጠንክሮ፣ ምንጩ ሁሉ ደፍርሶ ነበር። በሚኒባስ ተመልሳ በማግስቱ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መውጣት አቃታት። መጀመሪያ ተራ የሆድ ነገር መስሎኝ ነበር። ከዚያ አየሁት፤ ሽታ እንኳ የለውም፤ የሩዝ እጣቢ ይመስላል። ትውከቱ ተጨመረ። ረፋዱ ላይ ዐይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የእጇን ቆዳ ቆንጥጬ ብለቀው እንደተቆነጠጠ ይቀራል።

ውሃ ላጠጣት ጣሳ ይዤ ስሮጥ ጎረቤታችን ደርሳ እጄን ያዘችኝ። «ውሃ እንዳትሰጫት! የምትጠጣው እኮ ነው የሚወጣው። ቡላ ጠንከር ብሎ ይሠራላት፤ ሆዷን ያድርቅላት።»

አክስቴም ከአልጋዋ ላይ «እውነቱን ነው» አለች። «እሱ ያውቃል። ውሃ ይቅርብኝ።»

እኔ የባዮሎጂ መምህርቷ መሀል ቆሜ አንዴ ጣሳውን አንዴ ሁለቱን አያለሁ። ያሉት ስሜት ይሰጣል እኮ! የጠጣችው ሲወጣ በዐይኔ እያየሁት ነው። ግራ ገባኝ። ጣሳውን አስቀምጬ ባጃጅ ጠራሁ።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነቱ በሽታ የተተከለ ድንኳን ነበር። መግቢያው ላይ ጫማዬን በበረኪና ረጩኝ። አክስቴን መሀሉ ቀዳዳ ያለው አልጋ ላይ አስተኟት፤ ከሥሩ ባልዲ አለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ገበያ ስትወጣ ነጠላዋ እንኳ እንዳይዛነፍ የምትጠነቀቅ ሴት! ፊቷን ወደ ሸራው አዞረች። ቦቲ ጫማ ያደረገ ነርስ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ሰክቶ ለእኔ ደግሞ ማሰሮ ሙሉ የተበጠበጠ ኦ አር ኤስ ሰጠኝ።

«ግሉኮሱ ብቻውን አይደርስላትም» አለኝ። «በወጣ ቁጥር በአፍ መተካት አለበት። ካልጠጣች ትደክምብናለች፤ ኩላሊቷም ልቧም አይችሉትም። አንቺ ነሽ የምታጠጫት።» ሌላ በሽተኛ ጠራውና ሄደ።

ጽዋውን ከንፈሯ ላይ አደረግኩት። ጥርሷን ገጠመች።

«አክስቴ፣ ጠጪ።»

«ተወኝ።»

«ጠጪ እንጂ!»

«የሚያፈስ ጄሪካን ሆኛለሁ፤ ምን ትሞላኛለህ? የጠጣሁት ነው የሚወጣው። ሰው ሁሉ ይሰማል። ተወኝ፣ ይድረቅልኝ፤ ጌታ ያውቃል።»

ማልቀስ ጀመርኩ። አለቀስኩ ስል ዝም ብዬ እንባዬን አላፈሰስኩም፤ ተነጫነጭኩ፣ ተቆጣሁ። «እናቴም ሄደች፤ አንቺም ልትሄጂ ነው? ማን ጋ ልግባ በክረምት? ማን ጠፋህ ይበለኝ?» አልኳት። ባልዲው ውስጥ ይንጠባጠባል።

በሽታው ኮሌራ ሊሆን እንደሚችል ነርሱ ሲናገር ሰምቻለሁ። ኮሌራ፣ ኮሌራ... የት ነው ያየሁት? ስልኬን አወጣሁ። የሴሚናሬ ጽሑፍ ውስጥ «ምሳሌ» በሚል ርዕስ ሥር አለ! ከአልፋና ቤታ ጋር ስታገል ዘልዬው ነበር። እንዲህ ይላል፦ የኮሌራ ተህዋሲያን የሚለቁት መርዝ የአንጀት ሴል ውስጥ ይገባና ጂ ፕሮቲኑን ይይዘዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጂ ፕሮቲኑ የያዘውን ጂቲፒ መቁረጥ ያቅተዋል። እንደበራ ይቀራል። ሴሉም ጨውና ውሃ ልቀቅ የሚል ትእዛዝ እየመጣለት ያለ ይመስለዋል፤ ያለማቋረጥ ወደ አንጀት ይለቃል።

ሁለቴ አነበብኩት። ያ ወረቀቴ ላይ የጥያቄ ምልክት ያደረግሁበት ነገር፣ «ራሱ» ያልኩት፣ ተበላሽቶ አክስቴን እየጨረሳት ነው። ሴሚናሬ ባልዲ ውስጥ እየፈሰሰ ነበር።

ግን ይኼ ይባስ ግራ አጋባኝ። አልጠፋ ካለ፣ ታዲያ ማጠጣቱ ምን ይጠቅማል? ጎረቤታችን ልክ ልትሆን ነው? ነርሱን ልጠይቀው ዞር ስል ከድንኳኑ ወጥቷል። ወደ ታች ማንበብ ቀጠልኩ፤ በመሀል ኔትወርኩ ይቆማል፤ ስልኩን ወደ ሸራው መስኮት አስጠግቼ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ አገኘሁት። መርዙ የማይነካው ሌላ በር አለ። በዚያ በር ስኳርና ጨው አብረው ይገባሉ፤ እነሱ ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ኦ አር ኤሱ ማለት ያ ስኳርና ጨው ነው።

«አክስቴ፣ ስሚኝ» አልኳት፤ ጆሮዋ ሥር ተንበርክኬ። «ሆድሽ ውስጥ አንድ ፕሮቲን አልጠፋ ብሎ ነው...»

ዐይኗን ገለጥ አደረገች። «ፕሮቲን? አንተ ገንቢ ነው ብለህ አይደለም እንዴ ያስተማርከኝ? የለቅሶው ባቄላ ነው ያፈረሰኝ?»

በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳቄ መጣ። «ባቄላው አይደለም። ሌላ ነው። አንጀትሽ ውስጥ ያለ ማብሪያ ማጥፊያ ነው።»

«እኔ ሆድ ውስጥ? መብራት ኃይል መቼ ገባ?»

እንደዚህ አይሆንም አልኩ። ማብሪያ ማጥፊያውን ተውኩት፤ ፕሮቲኑንም ተውኩት። «የቤታችን የፊት በር ክረምት ሲሆን ያብጥና አልዘጋ ይላል አይደል?»

«ይላል።»

«ያንቺም ሆድ አንዱ በር እንደዚያ ሆኖ ነው። አልዘጋ ብሏል፤ ውሃው በእሱ ይወጣል። ብትጠጪም ባትጠጪም ይወጣል፤ ከደምሽ እየቀዳ ነው የሚያወጣው። ውሃ ስለተውሽ አይደርቅም። አንቺ ነሽ የምትደርቂው።»

ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። እየሰማችኝ ነው።

«የጓሮ በር ግን አለ። እሱ ደኅና ነው። በዚያ በኩል ስኳርና ጨው አብረው ይገባሉ።»

«አብረው? ስኳርና ጨው?»

«አንዱ ያለ አንዱ አይገባም። እነሱ ከገቡ ውሃው ይከተላቸዋል።»

«እንደ ለቀስተኛ» አለች።

«እንደ ለቀስተኛ። ይኸው ጽዋው ውስጥ ሁለቱም አሉ። ቅመሺው።»

ቀመሰችው። ፊቷን አጨማደደች። «ጨው በዝቶበታል» አለች፤ ቆጮ ነጋዴ አይደለች፣ ሁሉ ነገር ላይ እንከን ታወጣለች። ከዚያ ግን ዋጠችው። ሌላ አንድ ጉንጭ ጨመረች። ጽዋውን ስትጨርስ ግማሹ ወጣ፤ ባልዲው ሲንጠባጠብ ስትሰማ እንደገና ጥርሷን ልትገጥም ስትል «በፊት በር ነው የወጣው! ቀሪው በጓሮ ገብቷል» አልኳት። የምለውን እኔም ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። መስሎኝ ነው፤ ተስፋ አድርጌ ነው። እሷ ግን አመነችኝ። ጠጣች።

ከሰዓት በኋላ ለመናገር አቅም ስታገኝ ዞር ብላ ጠየቀችኝ፦ «ታዲያ ያ አልጠፋ ያለውን ማን ያጠፋዋል?»

ወይ ጣጣ! መምህሬ የጠየቀኝን እኮ ነው ቃል በቃል የጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ግን ዐይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም፤ ስለዚህ ስልኬን ከፍቼ ፈለግሁት። ያገኘሁት መልስ አስፈራኝ። ልደብቃት ፈልጌ ነበር፤ ፊቴን ግን ታውቀዋለች።

«ምን ይላል?»

«አይጠፋም ይላል። የተያዘው ሴል እንደበራ ነው የሚቀረው።»

«ወይኔ!»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። የአንጀት ሴል ደግሞ ዕድሜው ጥቂት ቀን ነው። ሁሌም ይረግፋል፤ ከሥር አዲስ ይወጣል። የተያዙት እንደበሩ ይረግፋሉ። አዲሶቹ ደኅና ናቸው።»

«ስለዚህ እነሱ እስኪረግፉ እኔ ልቆይ ነዋ» አለች።

«እሱ ነው። መቆየት ብቻ ነው ያለብሽ።»

«አምጣ ጽዋውን» አለች።

ነርሱ ሲመለስ ማሰሮው ባዶ ሆኖ አገኘው። ሌላ በጠበጠልን፤ መድኃኒትም ሰጣት። እየጠጣች፣ እየወጣ፣ ደግሞ እየጠጣች ዋልን፤ በማግስቱም እንደዚያው። ባልዲው እየቀለለ መጣ። ቆዳዋን ስቆነጥጠው ቶሎ ይመለስ ጀመር። ስለቆነጠጥኳት የተቆጣችኝ ዕለት መዳኗን አወቅኩ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ እሷ እየተሳደበች እኔ ግንባሯን እስማታለሁ።

ሴሚናሩን አቀረብኩት። እንቅልፍ በዐይኔ ሳይዞር፣ ልብሴ በረኪና በረኪና እየሸተተ ነው የቆምኩት። ስለ ጠርሙሱ ልውውጥ ስናገር ሰዉ ሳቀ። ቤታና ጋማ ጋ ስደርስ ተደናበርኩ፤ እስከ ዛሬም እነሱ አልገቡኝም። መምህራችን እጁን አጣምሮ ጥያቄውን ደገመው፦ «ከበራ በኋላ ማን ያጠፋዋል?»

«ደኅና ሲሆን ራሱ» አልኩ። የጥያቄ ምልክቱን አንስቼዋለሁ። «ኮሌራ ከያዘው ግን ማንም አያጠፋውም።»

«ታዲያ በሽተኛው እንዴት ይድናል?»

«እስኪረግፍ ይጠጣል» አልኩ። የክፍሉ ሰው ሳቀ። መምህራችን አልሳቀም፤ «ይቀመጡ፣ ደኅና ነው» አለኝ።

አክስቴ ቤት ከገባች በኋላ ጎረቤታችን ቡላ ይዛ መጣች። አክስቴ ቡላውን በላችላት፤ ስለ ጓሮ በሩም አንድ ባንድ አስረዳቻት። አስረድታ ስትጨርስ ጎረቤታችን «እኔስ መች ጠጪ አትጠጪ አልኩ?» አለች፤ ሁላችንም ተሳሳቅን። ባቄላ ግን ዛሬም አትበላም። ፕሮቲን ነው ያፈረሰኝ፣ ልጄ በወረቀት አጥንቶታል ትላለች። ባቄላው ንጹሕ ነው ብዬ ብዙ ለፍቻለሁ፤ ትቼዋለሁ።

ጉልበቷ ሲመለስላት ጪጩ ገበያ አብሬያት ሄድኩ። ቆጮዋን በኮባ ቅጠሉ ላይ ዘርግታ ገና ሳትቀመጥ አንዲት የቆየች ደንበኛዋ ከማዶ አየቻትና ዘንቢሏን ጥላ እየሮጠች መጣች።

«አንቺ! ምነው ጠፋሽ? ስንት ገበያ ሙሉ ፈለግሁሽ፤ ጠፋሽ እኮ!»

አክስቴ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ሴትዮዋ።

«አለሁ!» አለቻት። «አልጠፋ ብዬ ነው።»